ደረት አይታሰርም፦ ጎድኔ ሲሰበር ስለ ደረትና ስለ ጀርባ ጡንቻ ያወቅኩት

ጎድኑ የተሰበረ ሰው ቤት የመጀመሪያው መድኃኒት መቀነት ነው። እናቴ ነገሩን እንደሰማች የራሷን ፈትታ መጣች። ጎረቤታችን እማማ ደግሞ በር ላይ ቆመው "ጠበቅ አርጊው፣ እንዳይላወስ" ይሏታል። ሁለተኛው መድኃኒት ወጌሻ ነው። ሦስተኛው "አርፈህ ተኛ፣ እንዳትነቃነቅ" የሚለው ነው። ሦስቱም የመጡት ከፍቅር ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ግን ሦስቱም ለክንድ የሚሆኑ ምክሮች ናቸው። ክንድ ይታሰራል፣ ያርፋል፣ ይገጥማል። ደረት የሚያርፍበት ሰዓት የለውም።

ጤነኛ አዋቂ ሰው ቁጭ ባለበት በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ትንሹን ቁጥር ብንይዝ እንኳ በቀን ከ17,000 በላይ ይሆናል። በእያንዳንዱ ትንፋሽ ጎድኖች ብድግ ብለው ይመለሳሉ። እንቅልፍ ላይም እንደዚያው። ስለዚህ የተሰበረ ጎድን የሚድነው ሥራ ላይ እያለ ነው። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ብዙ ሌሊት እፎይ እል ነበር። የምጽፈውም ለዚያ ነው።

አወዳደቄ ለወሬ አይመችም። ሐምሌ ነው፣ ዝናቡ ገና ማባራቱ። ከቸርችል ጎዳና ዳር ባለ የድንጋይ ደረጃ ስወርድ እግሬ አዳለጠኝና በቀኝ ጎኔ የደረጃው ጠርዝ ላይ አረፍኩ። ያነሱኝ ሊስትሮዎቹ ናቸው። "ምንም አልሆንኩም" ልላቸው አፌን ስከፍት አየሩ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ሳብ ሳደርግ ውጋት፣ ስናገር ውጋት። አንዱ ልጅ "ጋሼ፣ ጎንህ ነው የተመታው፤ ሂድና ታይ" አለኝ። ጋሼ መባሉ ራሱ ሌላ ሕመም ነበር።

የመረመረችኝ ሐኪም ወጣት ናት። ከጀርባ ጀምራ እያንዳንዱን ጎድን በጣቷ ጫፍ እየተጫነች ወደ ፊት መጣች። ከብብቴ ዝቅ ብሎ አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ከአልጋው ልወድቅ ነበር። ከዚያ አንድ እጇን መሐል ደረቴ ላይ፣ ሌላውን ጀርባዬ ላይ አድርጋ በቀስታ ጨመቀችኝ። የተጫነችው ፊትና ኋላዬን ነው፤ ያመመኝ ግን ጎኔ ነው። ጎድን ዞሮ የሚመጣ አጥንት ስለሆነ ከሁለት ወገን ሲጫኑት ጫናው የተሰነጠቀው ቦታ ላይ ያርፋል። ይህን ቤት ውስጥ በማንም ላይ አትሞክሩት። እሷ ምን ያህል እንደምትጫን ታውቃለች።

ራጅ ተነሳሁ። ሰባተኛውና ስምንተኛው ጎድን ላይ ስንጥቅ ታየ። ባይታይም ኖሮ ሕክምናው እንደማይለወጥ ነገረችኝ፤ ቀጭን ስንጥቅ ራጅ ላይ ሳይታይ የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ራጁ በዋናነት የሚፈለገው ሳንባውን ለማየት ነው። የተሰበረው ጫፍ ሳንባውን ወግቶት እንደሆነ፣ አየር ወይም ደም በሳንባውና በደረት ግድግዳ መካከል ተጠራቅሞ እንደሆነ ለማወቅ። የኔ ንጹሕ ነበር።

"ዶክተር፣ በምን ይታሰር?" አልኳት።

"በምንም። ይልቅ በደንብ ተንፍስ።"

"ሲያመኝስ?"

"ለሕመሙ መድኃኒት አዝልሃለሁ። መድኃኒቱ እንዲያስተኛህ ብቻ አይደለም፤ እንድትተነፍስና እንድታስል ነው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ደረት ሲታሰር፣ ወይም ሰውየው ሕመሙን ፈርቶ ትንፋሹን ሲያሳጥር፣ የሳንባው የታችኛው ክፍል በደንብ አይከፈትም። አክታ እዚያው ይቀራል። አክታ የተቀመጠበት ሳንባ ደግሞ ለሳንባ ምች የተመቸ ነው። በተለይ በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ብዙ ጊዜ የሚጥላቸው ከስብራቱ ይልቅ ይኸኛው ነው። እናቴን ያሳመንኳት በዚህ ነው። መቀነቷን መልሳ ታጠቀች፤ ቅር እንዳላት ግን ያስታውቅ ነበር።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚገኘው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ኗሪው ለምዶታል፣ አይሰማውም። ትንፋሹን በግማሽ ያሳጠረ ሰው ግን ይሰማዋል። ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሽቅብ ስሄድ፣ ድሮ ስልክ እያወራሁ የምወጣው ዳገት፣ መሐል ላይ ቆሜ የሱቅ መስኮት የማይ መስዬ አርፌያለሁ።

አሁን ወደ ግድግዳው እንግባ። ጎድኖቻችን 12 ጥንድ ናቸው። አዳም አንዱን ስለሰጠ ወንድ አንድ ይጎድለዋል የሚል ሰው ዛሬም አይጠፋም። የወንድም የሴትም እኩል ነው። ሁሉም ከኋላ ከአከርካሪ ጋር ይገናኛሉ። ከፊት ግን ይለያያሉ። የላይኞቹ 7 ጥንዶች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ልም አጥንት ፍርምባው ላይ ይያያዛሉ። ከ8 እስከ 10 ያሉት በቀጥታ አይደርሱም፤ ከላያቸው ባለው ልም አጥንት ላይ ይደገፋሉ። የመጨረሻዎቹ 2 ጥንዶች ጫፋቸው ነጻ ነው፣ ከፊት ምንም አልያዛቸውም። በአብዛኛው የሚሰበሩት መሐለኞቹ ናቸው። የላይኞቹን ትከሻና ከአንገት ሥር ያለው አጥንት ይከልሏቸዋል። የታችኞቹ ሁለቱ ሲመቱ ሸሸት ማለት ይችላሉ።

በጎድንና በጎድን መካከል 11 ክፍተቶች አሉ። እያንዳንዱ ክፍተት ውስጥ ሦስት ድርብ ጡንቻ ተዘርግቷል። ሐኪሞች ኢንተርኮስታል ይሏቸዋል። የውጭኛው ድርብ ክሮች ከላይኛው ጎድን ተነስተው ወደ ፊትና ወደ ታች ይወርዳሉ። ሲኮማተሩ የታችኛውን ጎድን ወደ ላይ ይስቡታል። ይህ አየር የማስገባት ሥራ ነው። የውስጠኛው ድርብ ክሮች በተቃራኒው ያዘነብላሉ። እነሱ በዋናነት የሚሠሩት አየርን በኃይል ስናስወጣ ነው፤ ስንጮህ፣ ስናስል፣ ሻማ እፍ ስንል። ዝም ብለን ስንተነፍስ ግን አየር ለማስወጣት ጡንቻ ብዙም አያስፈልግም። ሳንባው የተለጠጠ ነገር ስለሆነ በራሱ ይሰበሰባል።

ጎድኑ ሲነሳ ወዴት እንደሚሄድ የገባኝ በእንቅስቃሴ የሚያክመኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ባልዲ አምጥቶ ሲያሳየኝ ነው። የባልዲው እጀታ በአንድ ጎን ተጋድሟል። እጀታውን ከፍ ስታደርጉት ከባልዲው ጎን ወደ ውጭ እየራቀ ይነሳል። የታችኞቹ ጎድኖች የሚሄዱት እንደዚያ ነው፤ ደረት ወደ ጎን ይሰፋል። የላይኞቹ ደግሞ ፍርምባውን ይዘው ወደ ፊትና ወደ ላይ ይገፋሉ። የኔ ስንጥቅ እጀታው በብዛት የሚንቀሳቀስበት ቦታ ላይ መሆኑ ነው መከራው። ለምን እያንዳንዱ ጥልቅ ትንፋሽ እዚያችው ነጥብ ላይ እንደሚቆም ያን ቀን ገባኝ።

ትልቁን ሥራ የሚሠራው ግን ጎድኖች መካከል የለም። ድያፍራም ነው፤ ደረትንና ሆድን የሚለየው ሰፊ ጡንቻ። ሲኮማተር ወደ ታች ይወርዳል፣ ሳንባው ይከተለዋል፣ ሆድ ወደ ፊት ይገፋል። በጸጥታ ስንተነፍስ አብዛኛውን አየር የሚያስገባው እሱ ነው። ነርቩ የሚነሳው ከአንገት ነው፤ ከ3ኛው፣ ከ4ኛውና ከ5ኛው የአንገት ነርቭ። ከደረት ነርቮች የተለየ መስመር ስላለው ጎድን ሲያም ድያፍራም ሥራውን አይተውም። እኔም የመጀመሪያዎቹን ቀናት የተረፍኩት በእሱ ነው። እጄን እምብርቴ ላይ አድርጌ፣ ሆዴ እጄን እንዲገፋው እያደረግኩ ቀስ ብዬ በአፍንጫ አስገባለሁ። ሕመሙ ቀነስ ሲል ደረቴንም እጨምራለሁ። ነቅቼ ባለሁበት በየሰዓቱ 10 ያህል ጥልቅ ትንፋሽ፣ ከዚያ ትራስ አቅፌ አንድ ሁለት ጊዜ ማሳል። ይህ ነበር ትእዛዙ። አሰልቺ ነው። ግን ከመድኃኒቱ እኩል የጠቀመኝ እሱ ነው።

ሕመሙ ለምን ከጀርባ ዞሮ እስከ ሆድ እንደሚመጣም ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው የሚደነግጠው በዚህ ነው። በእያንዳንዱ ጎድን የታችኛው ጠርዝ ሥር ደም መልስ፣ ደም ቅዳና ነርቭ ተያይዘው ይሄዳሉ። ነርቩ ከአከርካሪ ተነስቶ ጎድኑን ተከትሎ ወደ ፊት ይዞራል። የታችኞቹ ነርቮች ከጎድኑ አልፈው የሆድን ቆዳና ጡንቻ ሳይቀር ይመግባሉ። ስለዚህ ጎኑ የተሰበረ ሰው እምብርቱ አካባቢ ቢያመው ጉበቱ ተነካ ማለት ላይሆን ይችላል። አልማዝ ባለጭራም በአንድ ወገን እንደ መቀነት ዞሮ የሚወጣው ይህንኑ የነርቭ መስመር ይዞ ነው። ሳይወድቁና ሳይመቱ በአንድ ጎን የሚያቃጥል ሕመም ጀምሯችሁ ከቀናት በኋላ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ከወጣ፣ ጊዜ ሳታባክኑ ታዩ። መድኃኒቱ በጊዜ ሲጀመር ነው የሚረዳው።

ሌሊቱ ከቀኑ ይከፋል። ጋደም ስል ደረቴ ላይ ሰው የቆመብኝ ይመስለኝ ነበር። መፍትሔው ትራስ ደርድሮ ከፊል ቁጭ ብሎ መተኛት ነው። ከአልጋ መነሳት ደግሞ ራሱን የቻለ ጥበብ አለው። ቀጥ ብላችሁ ልትነሱ አትሞክሩ። ቀጥ ብሎ ለመነሳት የሆድ ጡንቻዎች ይኮማተራሉ፤ የሆድ ጡንቻዎች ደግሞ የታችኞቹን ጎድኖች ይዘው ነው የሚጎትቱት። ጉልበታችሁን እጠፉ። ትከሻና ዳሌን አንድ ላይ አድርጋችሁ ወደ ደህናው ጎን ዙሩ። እግራችሁን ከአልጋው ጣል አድርጉና በክንድ ገፍታችሁ ተነሱ። ወገቡን የሚያመው ሰውም ይህን ቢለምድ ይጠቅመዋል።

ሳቅ፣ ሳልና ማስነጠስ ሦስቱ ጠላቶቼ ነበሩ። የመጨረሻው በጣም ይከፋል፤ ቀድሞ አይነግርም። ግቢያችን ውስጥ በርበሬ የተቀነጠሰ ዕለት ራሴን ክፍሌ ውስጥ ቆልፌ ነው የዋልኩት። ሳል ሲመጣ የሚሆነውን ተመልከቱ። መጀመሪያ አየር በጥልቀት ይገባል። ከዚያ ጉሮሮ ይዘጋል። የሆድና የደረት ጡንቻዎች የታፈነውን አየር በኃይል ይጨምቁታል። ጉሮሮ ድንገት ሲከፈት አየሩ አክታውን ይዞ ይወጣል። ጀርባም ሥራ ላይ ነው። እጃችሁን ከብብታችሁ በስተኋላ ባለው ወፍራም ሥጋ ላይ አድርጉና አስሉ፤ ጠንከር ሲል ይሰማችኋል። ትራስ አጥብቆ ማቀፍ የሚረዳው ጎኑን ከውጭ ስለሚደግፈው ነው። ድጋፉ ለዚያች ቅጽበት ብቻ ነው፣ እንደ መቀነቱ ቀኑን ሙሉ አይዝም።

መድኃኒትን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ሕመሙ እስኪብስ እየጠበቁ ከመዋጥ በታዘዘው ሰዓት መዋጥ ይሻላል። እኔ ጨጓራ ስላለብኝ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ አልሆኑኝም፤ ፓራሲታሞል ነበር ዋናው። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ካላችሁ ፋርማሲ ሄዳችሁ በራሳችሁ አትግዙ፣ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ወጌሻውንም ልጨርሰው። ወጌሻን አልንቅም፤ የአጎቴን ጣት በቦታው የመለሰ ሰው አውቃለሁ። ጎድን ግን ሌላ ነው። ከሥሩ ሳንባ አለ። በቀኝ ዝቅ ሲል ጉበት፣ በግራ ጣፊያ፣ ከኋላ ኩላሊት። የተሰነጠቀን ጎድን ማሸት ጫፉን ወደ ውስጥ መግፋት ሊሆን ይችላል። ጎረቤታችን እማማ በቅቤ አሽተው ያዳኑት ሰው እንዳለ ነገሩኝ። አመሰገንኳቸው። ቅቤውን ለቡና አደረግነው። እሱም ፍልሰታ ሲገባ ተቋረጠ።

ጎኔ ሻል ሲለኝ ጀርባዬ ጀመረኝ። ይህን ማንም አላስጠነቀቀኝም። በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መካከል የሚቆረጥም፣ ማጅራቴ ድረስ የሚወጣ ሕመም። ሰው ሁሉ "ብርድ ነው" አለኝ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ሸሚዜን አስወልቆ ከኋላዬ ቆመና ሳቀ። "ወደ ቀኝ ተሰብረሃል፤ ትከሻህ ጆሮህ ጋ ደርሷል" አለኝ። ጎኔን ለመጠበቅ ስታጠፍ ከርሜ ለካ ጀርባዬ ነው ዕዳውን የሚከፍለው።

ጀርባ በድርብ የተሠራ ነው። ከላይ ሁለት ሰፋፊ ጡንቻዎች አሉ። አንደኛው ትራፒዚየስ ነው፤ ከራስ ቅል ሥር ተነስቶ እስከ 12ኛው የደረት አከርካሪ ይወርዳል፣ ወደ ጎን ትከሻ ላይ ይያዛል። ላይኛው ክፍሉ ትከሻን ያነሳል፣ መሐሉ ወደ ኋላ ይስባል፣ ታችኛው ወደ ታች ይጎትታል። ሁለተኛው ላቲሲመስ ዶርሲ ነው። ከወገብ፣ ከዳሌ አጥንትና ከታችኞቹ ጎድኖች ተነስቶ ወደ ላይ እየጠበበ በብብት በኩል ክንድ ላይ ይጣበቃል። ክንድን የሚጎትተው እሱ ነው። የሚኒባስ ታክሲ በር ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋው ረዳት ላይ እዩት።

ከትራፒዚየስ ሥር ሮምቦይዶች አሉ፤ አከርካሪንና የትከሻን ጠፍጣፋ አጥንት የሚያገናኙ። ትከሻ ወደ ፊት ሲወድቅ እነሱ ቀኑን ሙሉ ተለጥጠው ይውላሉ። የኔ ቁርጥማት ያለው እዚያ ነበር። የተለጠጠውን እያሸሁ ብውልም አይለቀኝም፤ ምክንያቱም ጎታቹ ከፊት ነው። ፔክቶራሊስ ማይነር የሚባል ትንሽ ጡንቻ ከ3ኛው እስከ 5ኛው ጎድን ተነስቶ የትከሻን አጥንት ወደ ፊትና ወደ ታች ይይዘዋል። ተጎንብሶ የከረመ ሰው ላይ ያጥራል። ስለዚህ ጀርባዬን ለማሳረፍ መጀመሪያ የተፈታው ደረቴ ነው። የበር መቃን ላይ ክንድን አስደግፎ አንድ እግር ወደ ፊት ራመድ ማለት። በቃ፣ ይኸው ነው። ስንጥቁ ከገጠመ በኋላ መሆኑን ልብ በሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አይሞከርም።

ከሁሉም ሥር፣ አከርካሪን ተከትለው ግራና ቀኝ የሚወጡ ረጃጅም ጡንቻዎች አሉ። በጋራ ኢሬክተር ስፓይኒ ይባላሉ። ቀጥ ብለን የምንቆመው በእነሱ ነው። ይበልጥ የሚገርመው ግን ስንጎነበስም መሥራታቸው ነው፤ ገላችን ድፍት እንዳይል ቀስ እያሉ ይለቁታል። ከእነሱ የውጭኛው መስመር ጎድኖች ላይ ይያዛል። ጫማ ለማሰር ጎንበስ ስል ጎኔን የሚወጋኝ ለዚህ ነበር። ሰሞኑን የጫማዬን ክር ሲያስርልኝ የነበረው ያው ያነሳኝ ሊስትሮ ነው። ሳንቲም ጨምሬለት አልተቀበለኝም።

ፍልሰታ ላይ ስግደቱ አሳሰበኝ። የንስሐ አባቴ "የታመመ ሰው አይገደድም፣ ቆመህ ጸልይ" አሉኝ። ቆሜ መቋሚያ ስደገፍ ትንፋሼ ቀለል ሲለኝ ነገሩን ከቡራኬ ቆጠርኩት። ባለሙያው ደግሞ የራሱን ማብራሪያ ሰጠኝ። ትልቁ የደረት ጡንቻ፣ ፔክቶራሊስ ሜጀር፣ በተለምዶ ደረትን ይዞ ክንድን ያንቀሳቅሳል። ክንድ ተደግፎ ሲቆም ግን ሥራው ይገለበጣል፤ ክንዱን ይዞ ደረቱን ወደ ላይ ይስባል። ሯጭ ከሮጠ በኋላ ጉልበቱን ይዞ የሚያለከልከው፣ አስም የያዘው ሰው ጠረጴዛ ተደግፎ የሚቀመጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለቱንም ማብራሪያ ተቀብያለሁ።

መንገድ ላይ ደግሞ አስቸጋሪዋ ጡንቻ ሴራተስ አንቲሪየር ናት። ከላይኞቹ 8 ወይም 9 ጎድኖች ጎን ተነስታ በትከሻ አጥንትና በደረት መካከል አልፋ የአጥንቱን የውስጥ ጠርዝ ትይዛለች። ስንገፋ፣ ክንዳችንን ከራሳችን በላይ ስናነሳ የምትሠራው እሷ ናት። የተሰነጠቁት ጎድኖቼ መነሻዎቿ ናቸው። ስለዚህ ቀላል ባቡር ውስጥ ላይኛውን መያዣ መጨበጥ፣ ከባድ በር መግፋት፣ መደርደሪያ ላይ መድረስ፣ ሁሉም አይቻልም። በግራ እጅ ልመዱ። ታክሲ ውስጥ ጋቢና የሚመች ይመስላል፤ አይመችም፣ ለመውጣት ራስን መሳብ አለ። ትከሻ ለትከሻ ሰላምታውንም ለጊዜው ተዉት። ወዳጅ ከሩቅ እጁን ዘርግቶ ሲመጣ "ጎኔ!" ብሎ መጮህ አያሳፍርም።

ሙቀት ለጀርባ ቁርጥማት ጥሩ ነው። ፍልውሃ ገብቼ የወጣሁ ቀን ማጅራቴ እውነትም ለቀቀኝ። ሙቀቱ የያዘውን ጡንቻ ያላላል። አዲስ የተመታ ቦታ ላይ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሻለው ቀዝቃዛ ነገር ነው፤ በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ ለአጭር ጊዜ።

እንቁጣጣሽ ላይ ቤት ውስጥ እስክስታ ሞከርኩ። እናቴ ጮኸች። ባለሙያው ግን ሲሰማ ደስ አለው። የትከሻ ጠፍጣፋ አጥንት ከጎድኖች ጋር በአጥንት አይያያዝም። ክንድን ትተን ከቀረው አካል ጋር በአጥንት የሚያገናኘው ከአንገት ሥር ያለው ቀጭን አጥንት ብቻ ነው። የቀረውን የያዘው ጡንቻ ነው፤ 17 ጡንቻዎች እሱ ላይ ይያዛሉ። እስክስታ ማለት እነዚህን በየተራ መጥራት ነው። ሮምቦይድና ትራፒዚየስ ወደ ኋላ፣ ሴራተስና ፔክቶራሊስ ማይነር ወደ ፊት፣ የትራፒዚየስ ላይኛው ክፍል ወደ ላይ። "ቀስ ብለህ ከሆነ የኔን እንቅስቃሴ ትተህ እሱን ሥራ" አለኝ። ከታዘዙልኝ ነገሮች ሁሉ ያልዘለልኩት እሱን ብቻ ነው።

አሁን ቀልድ የሌለበት ክፍል። ጎን ተመትታችሁ ትንፋሽ እያጠራችሁ ከሄደ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ አክታው ቢጫ፣ አረንጓዴ ወይም ደም የተቀላቀለበት ከሆነ፣ ሕመሙ እየቀነሰ መሄድ ሲገባው ከባሰ፣ ተመልሳችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። መጀመሪያ ራጁ ንጹሕ ነበር ብላችሁ አትዘናጉ፤ አየር ዘግይቶም ሊጠራቀም ይችላል። የግራ የታችኛው ጎድን ተመትቶ ሆድ ወይም የግራ ትከሻ ካመመ፣ ካዞራችሁ፣ ላብ ካጠመቃችሁ፣ ጣፊያ ሊሆን ስለሚችል አትጠብቁ። ሽንት ላይ ደም ካያችሁም እንዲሁ። ሳትመቱ ደግሞ መሐል ደረት ላይ የሚጫን፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ከላብና ከማቅለሽለሽ ጋር የሚመጣ ሕመም ከሆነ ጉዳዩ የጡንቻ ነው ብላችሁ አትገምቱ። ልብ ሊሆን ይችላል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ መቼ ወደ ሥራ፣ መቼ ወደ ኳስ እንደሚመለስ ነው። አጥንቱ በአብዛኛው በ6 ሳምንት ገደማ ይገጥማል፤ ሕመሙ ከዚያም በኋላ ሊቆይ ይችላል። ቢሮ የሚቀመጥ ሰው ሕመሙ ከተያዘለት ቶሎ መመለስ ይችላል። በየመሐሉ ተነስቶ መራመድ አለበት፤ መራመድ ራሱ ሳንባን ይከፍታል። ኳስ፣ ጂምና ሸክም ይቆያሉ። የተሰጠኝ መለኪያ ቀላል ነው፦ ያለ ትራስ አስለህ፣ አስነጥሰህ ካላመመህ ሸክም ጀምር፣ ካመመህ ጠብቅ። ውኃ ጠፍቶ ጀሪካን መሸከም ግድ ከሆነ ሙሉውን በአንድ እጅ አታንጠልጥሉ። በሁለት ትንንሽ ጀሪካን ከፍላችሁ ግራና ቀኝ ያዙ። ደረጃ ካለ ደግሞ ልጅ ጥሩ፤ የግቢው ልጆች ለአንድ ለስላሳ ያወጡላችኋል።